ለዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ፦ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል በር አይዘጋ

ለዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት፣
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ዘንድሮ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበልና የትኩረት ዘርፎቹ እንዲታጠፉ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣ የተከበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። ባለፈው ጥቅምት ወር መጨረሻ በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ሁለት ነገር አሳወቀን። የመጀመሪያው፣ ትምህርት ክፍሉን የመረጡት ተማሪዎች ቁጥር አንድ ክፍል ለመክፈት ከተቀመጠው ዝቅተኛ ቁጥር በታች ስለሆነ በዚህ ዓመት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንደማይመደብ ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ጀምሮ እንመርጣቸው የነበሩት ሦስት የትኩረት ዘርፎች፣ ማለትም የጨረራና የሕክምና ፊዚክስ፣ የኤሌክትሮኒክስና የመለኪያ ፊዚክስ፣ እንዲሁም የከባቢ አየርና የጠፈር ፊዚክስ ታጥፈው አጠቃላይ ፊዚክስ በሚል አንድ መስመር እንደሚጠቃለሉ ነው። ከቁጥሩ ሌላ ወረቀቱ ለሁለቱም ውሳኔዎች የሰጠው ምክንያት የተመራቂዎች የሥራ ዕድል ውስን መሆኑን ነው። ከሁሉ በላይ ልንመልስ የምንፈልገው ለዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ምርጫው እንናገር። የፍሬሽማን ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ምርጫ በሞሉበት ዕለት ከመካከላችን ሁለታችን ለማገዝ ብለን በትልቁ አዳራሽ ተገኝተን ነበር። የሌሎች ትምህርት ክፍሎች ኃላፊዎች ድምፅ ማጉያ እየተሰጣቸው ስለ ክፍላቸው አሥር አሥር ደቂቃ ተናገሩ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ግን በመርሐ ግብሩ ላይ አልነበረም፤ ኃላፊያችንም ጥሪ እንዳልደረሳቸው በኋላ ነግረውናል። በፎርሙ ላይ ፊዚክስ በስሙ ብቻ ሰፍሯል፤ በውስጡ ሦስት ዘርፎች ስለመኖራቸው አንዲት መስመር የለችም። ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ ፎርም ያድሉ የነበሩትን ሠራተኛ፣ «ፊዚክስ ተምሬ ምን እሆናለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አስተማሪ» አሉትና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፉ። ልጁ በእርሳስ ሁለተኛ አድርጎ ጽፎት የነበረውን ፊዚክስ በላጲስ አጥፍቶ በቦታው ሌላ ጻፈ። ሠራተኛውን አንወቅስም፤ የሚያውቁትን ነው የመለሱት። ቅሬታችን ያን ዕለት የተሻለ መልስ የሚሰጥ ሰው በአዳራሹ እንዲገኝ ሳይደረግ፣ ከዚያ የተሰበሰበው ፎርም ተቆጥሮ የተማሪ ፍላጎት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ብቻውን የሚነበብ አይደለም። እኛ አራተኛ ዓመቶች የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ነን፤ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኗል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ እንዲህ ሲመናመን የተገኘው ተማሪ አስቀድሞ ወደ ሕክምና፣ ወደ ሶፍትዌርና ወደ ምሕንድስና መሄዱ አይገርምም። በጥቂት ዓመታት ልዩነት የመጣን የቁጥር መውረድ የአንድ የትምህርት ዘርፍ ዕድሜ ማብቂያ አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይመስለንም። እንዲያውም በፊዚክስ ላይ የደረሰው በደል ከዚህ ይቀድማል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚመድበው አሠራር በሥራ ላይ ሲውል ፊዚክስን ሳይመርጡ በምደባ የገቡ በርካቶች ነበሩ። ያልመረጡትን ተምረው በወጡ ሰዎች ሳቢያ ትምህርት ክፍሉ የማይፈለግ ነው የሚል ስም ተሰጠው፤ ዛሬ ደግሞ ያ ስም ራሱ ለመዝጊያ ምክንያትነት እየቀረበ ነው።

ወደ ሥራ ዕድሉ እንመለስ። ውሳኔው ከታጠፉት ዘርፎች የትኛው ወደ ምን ሥራ እንደሚወስድ አንድ ጊዜም አላነሳም፤ ስለዚህ እኛ እናነሳዋለን።

የጨረራና የሕክምና ፊዚክስን እናስቀድም። በአገራችን ከሃያ ዓመት በላይ ብቸኛው የጨረራ ሕክምና መስጫ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ሕክምናውም ጨረራ በሚያመነጨው ኮባልት 60 በተባለ ብረት ይሰጥ ነበር። ኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት ነው። ምንጩ ሳይቀየር ይህን ያህል ጊዜ ከቆየ፣ በመጀመሪያ ለአንድ ታካሚ ሁለት ደቂቃ ይበቃ የነበረው ጨረራ አራት ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን በየጊዜው የሚያሰላ፣ ወደ ዕጢው የሚደርሰውን መጠን የሚለካ፣ ጤነኛው የሰውነት ክፍል እንዳይጎዳ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የፊዚክስ ሰው ነው። ዛሬ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው፣ ጨረራውን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ገብቷል፤ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል። አንድ መሣሪያ በተተከለ ቁጥር ከሐኪሙ ጎን የሚቆም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይህን ሥራ መሥራት እንደማይቻል፣ ሁለተኛ ዲግሪና በሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ልምምድ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ወደ ሁለተኛ ዲግሪው የሚያስገባው በር የመጀመሪያው ዲግሪ ነው፤ ሴኔቱ የዘጋው ደግሞ ይህንኑ በር ነው። ከሆስፒታል ውጭም ቢሆን ራጅ ያለው ክሊኒክ፣ የብየዳ ጥራትን በጨረራ የሚፈትሽ ፋብሪካ፣ የጨረራ ምንጭ የሚያስገባ ድርጅት ሁሉ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ተቆጣጣሪውም ሆነ በተቋሙ ውስጥ ለጨረራ ደኅንነት የሚመደበው ሰው ጨረራ ከቁስ አካል ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን የተማረ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት እ.ኤ.አ. በ1957 መሆኑን ስናስብ፣ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጨረራ ፊዚክስ ሥራ የለውም ተብሎ መወሰኑ ያሳዝነናል።

የመለኪያ ፊዚክስ ስሙ ብዙም አይታወቅም፤ ሥራው ግን በየዕለቱ ኑሯችን ውስጥ አለ። የነዳጅ ማደያው ቆጣሪ፣ የእህል ነጋዴው ሚዛን፣ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያው ሁሉ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ከእሱ በላይ ትክክል በሆነ ሌላ መለኪያ ነው። ይህ ሰንሰለት በአገር ደረጃ ወደ ሥነ ልክ (የመለኪያ ሳይንስ) ኢንስቲትዩት፣ ከዚያም ወደ ዓለም አቀፉ መለኪያ ይደርሳል። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ኪሎግራም ራሱ ፓሪስ አጠገብ ከተቀመጠው የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቁራጭ ተላቅቆ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም የብርሃንን ኃይል ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር በሚያያይዘው የተፈጥሮ ቁጥር፣ ተተርጉሟል። ይህን ቁጥር በዚህ ግቢ ውስጥ በላብራቶሪ ለክተው የሚያውቁት የእኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ መሣሪያዎቹን በየጊዜው ማስመርመር ስላለበት ለካሊብሬሽን፣ ማለትም መለኪያን ከተሻለ መለኪያ ጋር አመሳክሮ ለማስተካከል ሥራ፣ ባለሙያ ቦታ አለው።

ሦስተኛው ዘርፍ የአገራችን አቀማመጥ የሰጠን ዕድል ነው። የምድር የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የኮምፓስ መርፌ ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህም የተነሳ ከእኛ በላይ ያለው አየነ ከባቢ፣ ማለትም አዮኖስፌር የሚባለው በፀሐይ ጨረር የኤሌክትሪክ ሙል የያዘው የላይኛው አየር፣ ከሌላው ዓለም የተለየ ጠባይ አለው፤ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ የሚሳሳትበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይመዘግባል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መስክ ዋሸራ የተባለ ላብራቶሪ አለው። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ተማሪ ቤት ሳለን ካየናቸው ዜናዎች ሁሉ በልባችን የቀረች ናት፤ ከመካከላችን ፊዚክስን በመጀመሪያ ምርጫቸው የሞሉ ልጆች ለምን እንደሞሉ ስንጠይቃቸው ያቺን ቀን ያነሳሉ። ከዚህ ሁሉ ቀርቦ ደግሞ የሜትሮሎጂ ሥራ አለ። የክረምቱ ዝናብ መቼ እንደሚገባ ለገበሬው የሚተነበየው በከባቢ አየር ፊዚክስ ነው።

መምህርነትን ሆን ብለን ወደ ኋላ ያቆየነው ስለምንንቀው አይደለም። አብዛኞቻችን መምህር እንሆናለን፤ ፊዚክስን እንድንወድ ያደረጉንም መምህሮቻችን ናቸው። ነገር ግን ይህ በር እንኳ በአግባቡ አልተከፈተልንም። የእኛ ዲግሪ አፕላይድ፣ ማለትም የማስተማር ኮርሶች የሌሉበት፣ ስለሆነ ለመቀጠር የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ያስፈልጋል፤ በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀ ወንድማችን ጊዜያዊ ዲግሪውን ይዞ ወደ ትውልድ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደ። «ፒጂዲቲ ይዘህ ና» ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት የ11ኛ ክፍልን ፊዚክስ የሚያስተምሩት የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ወንድማችን ዲፕሎማውን በራሱ ወጪ ለመማር አቅም ስላልነበረው ዛሬ በአንድ የሞባይል መሸጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። የማስተማር ኮርሶቹ በክረምት መርሐ ግብር ወይም ከአራተኛ ዓመት ትምህርት ጎን ለጎን እንዲሰጡ ተማሪዎች ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀው መልስ አላገኙም።

ሌላው ችግር የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ነው። ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት በሚለው ረድፍ ውስጥ ፊዚክስ በስሙ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ተስፋችን ያለው «ወይም ተዛማጅ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተዛማጅ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማመልከቻ ተቀባዩ የሰው ኃይል ባለሙያ ነው። ዓምና የተመረቀች እኅታችን ለአንድ ፋብሪካ የካሊብሬሽን ቴክኒሻን መደብ አመልክታ ነበር። ባለሙያው ማስረጃዎቿን አገላብጦ፣ ፊዚክስ ከመደቡ ጋር ተዛማጅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲዋ እንድታመጣ ሦስት ቀን ሰጣት። ሌሊት ተጉዛ መጣች። ሬጅስትራር ይህን ዓይነት ደብዳቤ እንደማይጽፍ ነገራት፤ ኮሌጁ ወደ ሬጅስትራር መለሳት። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጇን ሄደች። የመለኪያ መሣሪያዎች ትምህርት ወስዳ ኤ ያመጣች ልጅ ናት። የሥራ ዕድሉ ውስን ነው የሚለውን ወረቀት ስናነብ መጀመሪያ የታወሰችን እሷ ናት፤ በዚያ ቀን ዕድሉ በእጇ ነበረ፣ ያጣችው ደግሞ ከዚሁ ግቢ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ስለ ላብራቶሪውም ሳንናገር አናልፍም። በሦስተኛ ዓመት የዘመናዊ ፊዚክስ ላብራቶሪ ስንማር የሚሠራው ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ አንድ ብቻ ነበር። አምስት ቡድን ሆነን በየተራ እንጠቀም ነበርና የመጨረሻው ቡድን ተራው ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ ስለዚህ የሌላውን ቡድን ንባብ ገልብጦ ሪፖርት ይጽፋል። የጨረራ ፊዚክስን ኮርስ ደግሞ ጨረራ ቆጣሪ ሳናይ ጨረስን። የጋይገር ቆጣሪዎቹ በግቢው ውስጥ አሉ፤ ከነካርቶናቸው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። የላብራቶሪ ረዳታችን ወስደው በመስኮቱ በኩል አሳይተውናል፤ አቧራ የለበሱ አራት ካርቶኖች ናቸው። ርክክቡን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ስላልተሰበሰበ ሞዴል 19፣ ማለትም የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ አልተቆረጠላቸውም፤ ሞዴል 19 ካልተቆረጠ ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ ሊደረጉ አይችሉም። በዚህ ሁኔታ ሁለት የትምህርት ዓመት አልፏል። የጨረራ ዘርፍ ተማሪዎች በተግባር ደካማ ናቸው የሚለው አስተያየት በውሳኔው አባሪ ላይ ሰፍሮ አንብበናል። ያልተሰጠንን መሣሪያ ባለመልመዳችን መወቀሳችን ተገቢ አይደለም።

በኮሌጁ በኩል የተሰጠን ሌላ ማብራሪያ የመውጫ ፈተናን የሚመለከት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው ፈተና ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ስላለብን፣ ዘርፎቹ ቢታጠፉ ለዋና ዋና ኮርሶች የበለጠ ጊዜ እናገኛለን ተብሏል። ለሐሳቡ ክብር አለን፤ ነገር ግን ፈተናውን አልፎ መመረቅ እና ሥራ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መካኒክስን፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምንና ኳንተም መካኒክስን ሁሉም የፊዚክስ ተመራቂ ያውቃል። ቀጣሪ ፊት ስንቀርብ አንዳችንን ከሌላችን የሚለየን የዘርፉ ኮርስ፣ የላብራቶሪ ልምዱና የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው።

ውሳኔው በቀጥታ ያረፈባቸው ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዲቱ ፊዚክስን አንደኛ ምርጫ አድርጋ የገባች፣ ለሌላ ትምህርት ክፍል የሚበቃ ነጥብ የነበራት ልጅ ናት። እናቷን ለጨረራ ሕክምና ይዛ አዲስ አበባ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ባለሙያ ምን እንደተማረ ጠይቃ ፊዚክስ መሆኑን የሰማችው እዚያው ነው። የጨረራ ዘርፍ መታጠፉን ያወቀችው ኮርስ ለመመዝገብ ስትዘጋጅ ነው። እሷም ሆነች ጓደኞቿ ከውሳኔው በፊት አልተጠየቁም፤ የተማሪ ተወካይ በተገኘበት ስብሰባም ጉዳዩ አልተነሳም። አዲስ ተማሪ ካልገባ መምህራኖቻችን ለምሕንድስናና ለጤና ተማሪዎች አጠቃላይ ፊዚክስ ወደ ማስተማር ይዞራሉ፤ ከእነሱም ሁለቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ዝውውር እንደጠየቁ ሰምተናል። የሄደ መምህር በቀላሉ አይመለስም፤ ለአንድ ዓመት የተባለውም መዘጋት በዚሁ ምክንያት ዘላቂ እንዳይሆን እንሰጋለን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን በታሰሩባቸው ዓመታት ለታሳሪ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብት ለቆሙ ሳይንቲስቶች በሚሰጠው የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ሲያከብራቸው ለዓለም ተነግሯል። በዚያ እስር ቤት ላብራቶሪም፣ በጀትም፣ ቁጥር የሞላ ክፍልም አልነበረም። እኛ ሕንፃው፣ መምህራኑና በካርቶን ያሉት መሣሪያዎች ስላሉን የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ትምህርት ክፍሉ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል የተላለፈው ውሳኔ በዚህ መንፈቀ ዓመት እንዲነሳና ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የምርጫ ማሻሻያ አንድ ሳምንት እንዲሰጥ፤ በዚያ ሳምንት ትምህርት ክፍሉ በአዳራሹ ራሱን እንዲያስተዋውቅ፣ በፎርሙም ላይ ሦስቱ ዘርፎች የሚያደርሱበት ሥራና ተጨማሪ ትምህርት የሚጠይቁት የትኞቹ እንደሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ። ያኔም ቁጥሩ ካልሞላ ውጤቱን እንቀበላለን።

ቀድመው ለገቡት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሦስቱም ዘርፎች እስከ ምረቃቸው እንዲቀጥሉ። ተማሪው ጥቂት የሆነበት ዘርፍ ካለ ኮርሶቹ ዓመት እየዘለሉ ቢሰጡ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር በመተባበር ቢሸፈኑ እንስማማለን።

የርክክብ ኮሚቴው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተሰብስቦ በግምጃ ቤት ያሉት ቆጣሪዎች ለላብራቶሪው ወጪ እንዲደረጉ፣ የተበላሹት ኦሲሎስኮፖችም እንዲጠገኑ።

ሬጅስትራር ወይም ኮሌጁ፣ እያንዳንዱ ዘርፍ ከየትኞቹ የሥራ መደቦች ጋር ተዛማጅ እንደሆነ ተመራቂው የወሰዳቸውን ኮርሶች ዘርዝሮ የሚገልጽ አንድ ቋሚ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለጠየቀ ተመራቂ በዕለቱ እንዲሰጥ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ ወጪ የሌለው ይህ ነውና ነገ ሊጀመር ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው ከሥነ ልክ፣ ከሜትሮሎጂ፣ ከጨረራ ቁጥጥርና ከጨረራ ሕክምና ተቋማት ጋር የክረምት የተግባር ልምምድ ስምምነት እንዲፈርም፤ ለምሕንድስና ተማሪዎች ያለው አሠራር ለእኛም እንዲሆን። የማስተማር ኮርሶቹም ለሚፈልጉ ተመራቂዎች በክረምት በዚሁ ግቢ እንዲሰጡ።

በመጨረሻም ሴኔቱ ይህን ጉዳይ ዳግም በሚያይበት ስብሰባ የሁለታችን ክፍል ተወካዮች ተገኝተን እንድንሰማ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ተወካይ
የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ ኮሌጅ ዲን ጽሕፈት ቤት
ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለተማሪዎች ኅብረት